ዝም እስኪል

ጁን 27

አያት ዘንድሮም ሸሽታለች። ሐይቋን በስሟ መጥራት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አያት ነው የምንላት። ላሟን ማንጋስንና ጊደሯን ቺቻህን ይዘን ዛሬ ወደ በጋው ጎጆ ወረድን። አዲስ ሙሽራ ሆኜ እዚህ ስመጣ ከበረቱ አጥር ጎንበስ ብዬ ውሃ እቀዳ ነበር። አሁን ውሃው ጋ ለመድረስ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር፣ ከዚያ ደግሞ ጭቃ ማቋረጥ አለብኝ።

ለምን ሸሸች? ባሌን ጋቭሪልን ጠየቅሁት። «ዝናብ የለማ» አለ። እናቱን እማማ ፌክላን ጠየቅኋቸው።

«አኩርፋ ነው።»

«በማን?»

«በጠያቂ ሰው።»

መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ወጥ ቤት ስለምሠራ የልጆቹ አመል ተጋብቶብሻል ይሉኛል። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሰው በኔ ዕድሜ ስንት ነገር ሳያውቅ እንደኖረ ሲገባው ያፍራል አሉ፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ገና የሚቀረኝ አለ ማለት ነው።

ጁን 30

እማማ ጠዋት ጠዋት ከራሳቸው በፊት ምድጃውን ያበሉታል። ከቂጣው ጫፍ ይቆርሱና ቅቤ ቀብተው እሳቱ አፍ ውስጥ ይጥላሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ያንሾካሹኩለታል። እናቴም እሳት ታበላ ነበር፤ እሷ ግን ጮክ ብላ «እንካ ብላ» ብላ ታልፋለች እንጂ ሹክሹክታ አታውቅም። እማማ ምን እንደሚሉት ከተጋባን ጀምሮ እጠይቃለሁ።

«እሱንና እኔን የሚመለከት ነው» አሉ ዛሬም።

ጁላይ 11

ሣሩን አጭደን፣ አድርቀን፣ ከምረን ጨረስን። እጄ ተላልጧል። የጎረቤታችን የፕሮኮፒ ክምሮች ከኛ አጠገብ ናቸው፤ ከኛ ይበልጣሉ፣ እሱም ይህንን ሳያነሳ አይውልም። «ኡስቲንያ፣ ያንቺ ክምር ምነው ጎበጠ? ጥያቄ ጠይቀሽው ነው?» አለኝ። ቀትር ላይ የሱንም የኛንም ከብቶች አንድ ላይ ነድቶ ወደ መንደር ሄደ።

ትንኝና የፈረስ ዝንቡ ዘንድሮ ጉድ ነው። ከበረቱ በር ላይ ኩበት ቆልለን ስናጨስ ነው የሰነበትነው። ከብቶቹ ጭሱ ውስጥ ገብተው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ፣ እኛም አጠገባቸው። ጭሱን የምናነደው እማማ ሙሽራ ሆነው ባነደዱበት፣ አማታቸውም ከሳቸው በፊት ባነደዱበት ቦታ ነው። የአያት ዳር ስለሆነ እሳት ከዚያ የትም አይሄድም ይባላል።

ሲመሽ ጋቭሪል በመኪና ሊወስደን መጣ። እማማ ቀድመው ገብተው ተቀመጡ። በመስኮቱ ብቅ ብለው «ዝም እስኪል አፍስሺበት» አሉኝ። የጭስ ሕጉ ይኸው ነው፤ ኩበቱ መንሾክሾኩን እስኪተው ውሃ ማፍሰስ። አፈሰስኩበት። ጭቃው ቦት ጫማዬን ይዞ አልለቅ ስላለኝ ባልዲው ግማሹ እኔው ላይ ነው የፈሰሰው። ሲስ ብሎ ነጭ ጭስ ወጣ። ጋቭሪል ጥሩንባ ይነፋል፣ ትንኙ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። መኪናው ውስጥ ስገባ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ፤ ባሌ እስከ መንደር ድረስ ሲስቅብኝ ሄደ። እማማ አልሳቁም። ደክሟቸው ነበር መሰለኝ።

ጁላይ 18

ከሜዳው ባሻገር፣ ከጥዶቹ በኩል ጭስ ታየ። ወንዶቹ አካፋ ይዘው ሄደዋል። ጋቭሪልም።

መብረቅ ነው ይላሉ። ያለ ዝናብ የሚወርድ ደረቅ መብረቅ። እንዲህ ያለ መብረቅ ድምፁ ምን ይመስላል? ማንም አልሰማውም።

ጁላይ 20

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለእሳት ተከላካዮቹ እናበስላለን። ሾርባ፣ ዳቦ፣ ሻይ በወተት። ሌላ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም።

ጁላይ 21

ነፋስ። ሜዳው ተቃጠለ። የኛ ክምር ከግማሽ በላይ ሄደ፣ የፕሮኮፒ አንድም አልቀረ። ጎጆዋ ተርፋለች፤ በረቱም።

ጁላይ 24

ፀሐይ የእንቁላል አስኳል መስላለች፣ ዓይን ሳይጨፍኑ ማየት ይቻላል። ልጆቹን ወደ ውጭ እንዳናወጣቸው ታዘናል። መስኮቶቹ ላይ እርጥብ አንሶላ ሰቅለናል፤ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። ለካ ይህን ሁሉ ነበር የምንተነፍሰው። አንዱን አንሶላ ሳላጥብ አስቀመጥኩት፣ ነገ ከነገ ወዲያ ካለው ጋር ላስተያየው። አብራኝ የምታበስለው ሴት «አንቺ የሞት መድኃኒት ቢሰጡሽ መጀመሪያ ታሸትቺዋለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ፕሮኮፒ ፊቱ ጥቀርሻ ሆኖ ሾርባ ሊጠጣ መጣ። ሣሩ ከተቃጠለ ወዲህ ቀልዱ ቀርቷል።

«መብረቅ ነው አሉ» አልኩት።

«መብረቅ ሰማይ ላይ ነው ያለው። ይኼ ከምድር የተነሣ ነው፣ አይቼዋለሁ። እሳት ደግሞ እግር የለውም። እግር ያለው ሰው ነው።»

«ማን ሊሆን ይችላል?»

«እሱን ባውቅ እዚህ ሾርባ እጠጣለሁ?» ዳቦውን ለሁለት ገመሰው። «ያገኘሁት ቀን ግን ጢሙን በገዛ ክብሪቱ እለኩስለታለሁ።»

ጢም ያለው ሰው እንደሆነ ማን ነገረው? ይህንንም ልጠይቀው ነበር፣ ተውኩት።

ጁላይ 29

አውሮፕላን ማረፍ አልቻለም። ለመሄድ ተዘጋጁ ተብሏል፤ አሮጊቶችና ሕፃናት በጀልባ ወንዙን ይሻገራሉ። የእማማን ልብስ በከረጢት አዘጋጀሁ። ከከረጢቱ አውጥተው መልሰው ሰቀሉት።

«እማማ፣ እሳቱ ጥዶቹን አልፎ ቢመጣስ?»

«የዚህን ቤት ምድጃ ማን ያበላዋል? አንቺ?»

«ምን እንደምለው ቢነግሩኝ አበላዋለሁ።»

 እኒያ ትንንሽ ዓይኖቻቸው ሲያዩኝ ሁልጊዜ ኪሴ የተፈተሸ ይመስለኛል። ዛሬ ግን ለረጅም ጊዜ ነበር ያዩኝ።

ኦገስት 2

ነፋሱ ዞረልን። አልሄድንም። ወንዶቹ ከጥዶቹ ፊት ራሳቸው እሳት ለኩሰው ከመጣው እሳት ጋር አገናኙት፤ የሚበላው አጥቶ ቆመ። እሳትን በእሳት። ጋቭሪልን እንዴት እንደሆነ እንዲያስረዳኝ ጠይቄው ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ጫማውን ሳወልቅለት ሶሉ ቀልጦ ነበር።

ለዚህ ሰው አዘንኩ። እሱ ምን በደለ።

ኦገስት 9

ዛሬ ከከተማ የመጣ አንድ ወጣት ካርታ ዘርግቶ ለወንዶቹ አስረዳ። መብረቅ የወደቀበትን ሁሉ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ አሉ። ምን ያህል የረቀቀ ነገር ነው። በኛ በኩል በዚያ ሳምንት አንድም አልወደቀም።

እንጉዳይ ለቃሚዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ወይም አዳኞች። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዚያ አልፎ ይሆናል። ፕሮኮፒ ራሱ ያጨሳል።

ኦገስት 10

ዛሬ ማንንም ምንም አልጠየቅሁም። ዳቦ ጋገርኩ።

ኦገስት 19

ልጆቹ «እሳት እሳት» የሚባል ጨዋታ አምጥተዋል። አንዱ እሳት ይሆናል፤ የነካው ይወድቃል። ትንሿ ሳንዳራ መሬት ላይ ተጋድማ አልነሣም አለች።

«ሳንዳራ፣ ጨዋታው አለቀ።»

«አላለቀም። እኔ እሳት ነኝ። ተኝቼ ነው። እትዬ ኡስቲንያ፣ እሳት የት ነው የሚተኛው?»

አላውቅም አልኳት።

ማታ ጋቭሪልን ጠየቅሁት፤ እንግዲህ የልጅ ጥያቄ ነው፣ የእኔ አይደለም። እሱም ነገረኝ። የሐይቅ ዳር ጥቁር አፈር ሥራሥር ብቻ ነው፣ አለኝ፤ ሲረጥብ ስፖንጅ ነው፣ ሲደርቅ ግን ትምባሆ። እሳት አንዴ ከገባበት ከሥር ከሥር ይሄዳል፣ ነበልባል የለው፣ ጭሱም ኢምንት ነው። ጥዶች ቆመው ሳለ ሥራቸው ተበልቶ ዝም ብለው ሲወድቁ አይቷል። በረዶ ከላይ ቢጥልበት እንኳ ከሥር ተኝቶ ይከርማል፣ በጸደይ ይነሣል።

«እንዲህ ሲሄድ ይፈጥናል?» አልኩት።

«አይፈጥንም። ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ጥዶቹ ጋ ለመድረስ ሳምንት ይበቃዋል።»

 እኔም መብራቱን አጠፋሁ።

ሴፕቴምበር 5

ዝናብ። ሙሉ ቀን ዝናብ። ሰው ሁሉ ውጭ ወጥቶ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ቆመ፣ ፕሮኮፒ ደግሞ ሸሚዙን አውልቆ። ጭሱ ሲወርድ ከወንዙ ማዶ ያለው ኮረብታ ብቅ አለ፤ ከጁላይ ወዲህ አላየነውም ነበር። አረንጓዴው ጥቁር ሆኗል። አለቀሰ ሰው ሁሉ፣ እኔም።

ሴፕቴምበር 14

የቀረን ሣር ማንጋስን እንኳ ለጸደይ አያደርሳትም። ሁለቱም ሊታረዱ ነው ማለት ነው። ቺቻህ እናቷ የሞተችባት ናት፤ በጡጦ ነው ያሳደግኋት። እስካሁን ድረስ ስታየኝ ጣቴን ትጠባለች። ያለ ወተት ደግሞ እማማ ከረሙ ማለት አይቻልም፤ ጥርስ የላቸውም፣ የሚያቆማቸው ወተት ነው።

ፕሮኮፒ ከወንዙ ማዶ ሌላ ሜዳ አለው፣ እሱ አልተቃጠለም። ቢሆንም የሱ ከብቶች ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። እማማ ምድጃውን ሲያበሉ ሹክሹክታው ረዝሟል። ድሮ ቂጣውን ጥለው ወዲያው ቀና ይሉ ነበር። አሁን ወገባቸውን እየደገፉ ይቆያሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።

ኦክቶበር 3

ጋቭሪል የበረቱን እንጨት ነቅሎ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አመድ ሆኗል።

«ጭስ የምናነድበት ቦታ ላይ ሰመጥኩ» አለ። «ከሥር ባዶ ነው። ይሞቃል።»

እማማ ሹራብ መሥራታቸውን አቆሙ።

«ፀሐይ ይሆናል ያሞቀው» አልኩ።

«በኦክቶበር?»

ዱቄት ማለቁን ነገርኩት። ሄዶ ሊገዛ ወጣ።

ኦክቶበር 8

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የኔን ያወጣው በረዶ ነው።

ትናንት የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ዛሬ ጠዋት የመንደሩ ሰው ሁሉ የተረፈ እሳት እንዳለ ለማየት ወደ ሜዳው ወጣ፤ በረዶ ያልያዘበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ እሳት አለ ማለት ነው፣ እሱን ቆፍሮ በውሃ ማጥፋት ነው። አለበለዚያ ለከርሞ ይነሣል። ሜዳው አንሶላ መስሎ ነጥቷል። በመካከሉ አንድ ጥቁር መስመር ብቻ። ጠመም ጠመም እያለ ከጥዶቹ ይጀምርና በፕሮኮፒ ክምሮች ሥር አልፎ ወደ አያት ዳር ይወርዳል። መጨረሻው የኛ በረት በር ነው።

ይህን ያህል የተጣራ መልስ አይቼ አላውቅም። ክፉኛ ደነገጥኩ፤ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደግሜ አየሁት። ከየት መጣ እያልኩ ሰው ሳስቸግር የከረምኩበት ነገር አንዲት ፊደል ሳትጎድለው እዚያ ተሥሏል።

ፕሮኮፒ መስመሩን በዓይኑ ተከተለ። ከጥዶቹ እስከ ክምሩ፣ ከክምሩ እስከ በረቱ። ከዚያ ወደኛ ዞረ። ጋቭሪል መሬት መሬት ያያል።  አፌን ከፈትኩ፤ ከፈትኩት ብቻ።

እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደፊት ወጡ።

«የኔ ጭስ ነው፣ ፕሮኮፒ። አርጅቻለሁ። ዝም እስኪል ሳላፈስበት ሄድኩ።»

ፕሮኮፒ ቆቡን አወለቀ። እሱን ያዋለዱት እማማ ናቸው፤ ግማሹን መንደር ያዋለዱት እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ቦታውማ ቦታው ነበር» አለ በመጨረሻ። «አያት ናት ጥላን የሄደችው።» አካፋውን አነሣና መቆፈር ጀመረ።

ሁላችንም ቆፈርን። ውሃ ሲገባበት እንፋሎቱ ፊት ይልጥ ነበር። ዛሬ ስንት ባልዲ እንደተሸከምኩ አላውቅም። ጭቃው ጫማዬን ሲይዝብኝ ጫማዬን ትቼ ሄድኩ።

ኦክቶበር 12

ፕሮኮፒ ከማዶው ሜዳ ሙሉ ጭነት ሣር አምጥቶ አጥራችን ውስጥ አራገፈ። «ለእማማ ነው» አለ። ገብቶ ሻይ እንኳ አልጠጣም። ሁለቱንም ከብቶች ለጸደይ ያደርሳቸዋል።

ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ የጁላይ ሽታ አለው። ቺቻህ ስትበላ ቆሜ አየኋት። ከዚያ እኔ መብላት አቃተኝ።

ለእማማ «ለምን እንዲያ አሉ?» ልላቸው ሦስት ጊዜ ወደ ክፍላቸው ሄጄ ሦስት ጊዜ ስለ ሻይ ጠየቅኋቸው።

ኦክቶበር 15

ፕሮኮፒ ቤት ሄድኩ። መረብ ይጠግን ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ጭሱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ማለትም ያላጠፋሁት፤ እማማ መኪና ውስጥ ነበሩ፤ ዝም እስኪል አፍስሺበት ብለውኛል፤ ሲስ ሲል በቃው ብዬ ሄድኩ።

መረቡን አስቀመጠ።

«በጋውን ሙሉ ማን ነው እያልሽ ስትጠይቂኝ ታውቂ ነበር?»

«መጀመሪያ አላውቅም ነበር።»

«ኋላስ?»

«ኋላ መጠየቅ አቆምኩ።»

ፊቱ ቀላ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኮቱን ለበሰና መንሹን ይዞ ጋሪውን እየነዳ ወጣ፤ ተከተልኩት። እኛ ግቢ ገብቶ ሣሩን ከመሐል ለሁለት ከፈለው። ግማሹን ጋሪው ላይ መልሶ ጫነ። ረጅም ጊዜ ፈጀበት፣ እኔም ልርዳህ ለማለት አልደፈርኩም።

«ይኼ የእማማ ነው» አለ የቀረውን በመንሹ እየነካ። «ያንቺን ወስጃለሁ።»

«ልክ ነህ» አልኩት።

«ልክ መሆኔን አውቃለሁ።» በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ጢሙን እለኩስለታለሁ ብዬ ነበር። ጢም የለሽም፣ ምን ላድርግሽ።»

እየሳቀ አልነበረም። እያለቀሰም አልነበረም።

ኦክቶበር 16

ግማሹ ሣር ማንጋስን ያደርሳል። ቺቻህ ውርጩ ሲጠና ትታረዳለች። ለጋቭሪል ስትታረድ እኔው ልያዛት አልኩት። አንቺ ልብ የለሽም አለኝ። ልብማ አለኝ፣ አልኩት፤ ለዚህ ነው እኔ የምይዛት።

ዛሬ ጠዋት እማማ ምድጃውን ሲያበሉ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ቂጣውን ቆረሱ፣ ቅቤ ቀቡ፣ ጣሉ። ጎንበስ ብለው ማንሾካሾክ ሲጀምሩ ቀና አሉና አዩኝ።

«ፕሮኮፒ ስንቱን ተወ?»

«ግማሹን።»

«ልክ አድርጓል» አሉ።

«እማማ፣ አይተውኝ ነበር? ያን ቀን፣ ከመኪናው?»

«ዕውር ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ስንት ወር ሰው ሁሉ ጋ እየሄድኩ ስጠይቅ።»

«ደህና እየጠየቅሽ ነበር» አሉ። «መንገድ ላይ ላቋርጥሽ አልፈለግሁም። አንድ ቀን ራስሽ ጋ ትደርሺያለሽ ብዬ።»

ስቄ ይሁን አልቅሼ እንጃ፣ አፍንጫዬን በመሐረባቸው ጠረጉልኝ፤ እንደ ሳንዳራ።

«እሺ፣ ለዚህ ምን እንደሚሉት አሁንስ ይነግሩኛል?» አልኳቸው ወደ እሳቱ እያሳየሁ።

ከቂጣው ሌላ ቁራሽ ቆርሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ድሮ የምለው የድሮ ነው። ከጁላይ ወዲህ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ። «ልጄ ናት፣ አትቀየማት። ባልዲው ከብዷት ነው እለዋለሁ።»